ባንድ እጅ ላይ ሁለት ሰዓት

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንዳንድ ሹማምንት አንባቢዎቻችን፥ ከቋንቋችን ሁሉ የሚያስቸግራቸው የሰዓት አቈጣጠሩ መኾኑን ደጋግመው ነግረውናል። ፊደሉን ለይተው፥ ግሡን ለምደው፥ የአክብሮትን አነጋገር ከዘወትሩ መለየት ከቻሉ በኋላ እንኳ «ነገ በሦስት ሰዓት ይምጡ» የተባሉ ጊዜ ግራ ይገባቸዋል። አንዱ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥቶ ከተዘጋ በር ላይ ይቆማል፤ ሌላው ከቀትር በኋላ ሲደርስ ጉዳዩ ከተፈጸመ ስድስት ሰዓት ኾኖታል።

ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ስለ ሰዓት ጥቂት ልንጨዋወት ወደድን። የምንጨዋወተውም ስለ አቈጣጠሩ ብቻ አይደለም። ሁለት ሰዓት ባንድ ጊዜ እንዲያሳይ ታስቦ በስዊስ አገር ስለ ተሠራ አንድ የታወቀ የእጅ ሰዓት፥ መልኩም ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደ ተለዋወጠ፥ በካርቱም ከተማ በአንድ ወዳጃችን እጅ ላይ ያየነውን ምክንያት አድርገን እንናገራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መኾናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የኢትዮጵያ ሰዓት መነሻው ፀሐይ ናት። ሌሊቱ አልፎ ብርሃን ሲኾን አሥራ ሁለት ሰዓት ይባላል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ከጧቱ አንድ ሰዓት ነው። ቀኑ አሥራ ሁለት፥ ሌሊቱም አሥራ ሁለት ሰዓት ይቈጠርለታል። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ኾነች ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እጅግ አይበላለጡም፤ አቈጣጠሩም ሳይናጋ የኖረው ስለዚህ ነው። የስዋሂሊ ቋንቋ ተናጋሪዎችም በዚሁ አኳኋን ይቈጥራሉ። በበጋ ፀሐይ አልጠልቅ በምትልበት፥ በክረምት ደግሞ ገና ከሰዓት በኋላ በምትሰወርበት በሰሜን አውሮጳ ግን እንዲህ ያለው አቈጣጠር ሰዉን ከፀሐይ ጋር ሲያሯሩጠው በኖረ ነበር።

በፈረንጅ ሰዓትና በእኛ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ነው። ስድስት ደግሞ የአሥራ ሁለት እኩሌታ ነውና፥ የፈረንጅ ሰዓት ያሰረ ሰው አማርኛውን ለማግኘት ከሰዓት ቈጣሪው ፊት ለፊት ያለውን ቍጥር ማንበብ ይበቃዋል። ቈጣሪው 7 ላይ ቢኾን ፊት ለፊቱ 1 ነው፤ 9 ላይ ቢኾን 3 ነው። ደቂቃው አይለወጥም። ከዚያ በኋላ የቀረው ከሰዓቱ በፊት የሚገባውን ቃል ማወቅ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ቀትር ሲኾን፥ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው። ሦስት ሰዓት ሊኾን አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው «ለሦስት ሩብ ጉዳይ»፥ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲያልፈው «ሦስት ሰዓት ከሩብ»፥ ሠላሳ ሲያልፈው «ሦስት ሰዓት ተኩል» ይባላል። «ጉዳይ» በሌላ ስፍራ የሥራ ነገር ማለት ስለ ኾነ፥ አዲስ ተማሪ ሲሰማው ሰዓቱ ከመሥሪያ ቤት የሚመላለስበት ጉዳይ ያለው ይመስለዋል፤ እዚህ ግን የጎደለውን ያመለክታል።

ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ለተቀመጠ ሰው ነው። በካርቱም ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ሱዳን ለብዙ ዘመን ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የምትቈጥር አገር ነበረች። በካርቱም የፈረንጁ ሰዓት 7 ሲል በጎንደር 8 ይላል፤ ጎንደሬው ግን 8 አይልም፥ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ይላል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት መኾኑ ቀርቶ አምስት ይኾናል፤ ፊት ለፊት የማንበቡም ብልሃት አይሠራም። ከጣና የወጣው ውኃ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝባት በዚያች ከተማ፥ ሱዳናዊው ሰዓትን «ሳዓ» ይለዋል፤ ቃሉ ከእኛው ቃል ጋር አንድ ዘር ነው። ቃሉ አንድ ሲኾን ቍጥሩ መለያየቱ ስንቱን ሰው ከቀጠሮው እንዳጓደለው እግዚአብሔር ይወቀው።

ወዳጃችንን ያወቅነው በካርቱም በአል ደይም ሰፈር፥ ኢትዮጵያውያን በሚበዙበት ስፍራ ነበር። ስሙን ባንጠራ ይሻላል። አባቱ በ1978 ወደ ሱዳን ተሰደው በዚያው በ1998 ያረፉ ሰው ነበሩ፤ እናቱ ቤቱንና ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው በጎንደር ቀርተዋል። አባትየው ለልጃቸው ትተውለት የሞቱት አንድ የእጅ ሰዓት ነው። እርሱንም ገና በአገራቸው ሳሉ፥ ከአንድ የአውሮፕላን አብራሪ በሁለተኛ እጅ የገዙት ነው ብሎናል። ሰዓቱ ሮሌክስ ነው፤ ዓይነቱም ጂ ኤም ቲ ማስተር የሚባለው፥ ቍጥሩ 1675 ነበረ። ቀዩ ቀለም ወደ ጽጌረዳ፥ ሰማያዊው ወደ ዓመድ ሄዶ፥ መስተዋቱ ተጫጭሮ ስናየው፥ እንዲህ ያለ ስም ያለው ነገር ነው ብሎ ለመገመት አስቸጋሪ ነበር።

የዚህን ሰዓት ታሪክ ለማያውቁት በአጭሩ እንንገራቸው። ሃንስ ዊልስዶርፍ በ1905 በሎንዶን ያቋቋመው፥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ወደ ጄኔቫ የተዛወረው ይህ ኩባንያ፥ በ1926 ውኃ የማያስገባውን ቀፎ፥ በ1931 ደግሞ በእጅ መወዛወዝ ብቻ ራሱን የሚሞላውን መኪና አውጥቶ ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ አውሮፕላን ውቅያኖስ መሻገር ልማዱ ሲኾን፥ ፓን አሜሪካን የተባለው አየር መንገድ አብራሪዎቹ የግሪንዊችን ሰዓትና የሚያርፉበትን አገር ሰዓት ባንድ ገጽ ላይ የሚያዩበት ነገር ፈለገ። በ1955 የወጣው ጂ ኤም ቲ ማስተር የዚህ ፍላጎት መልስ ነው። ጂ ኤም ቲ የሚሉት ሦስት ፊደላት ራሳቸው የግሪንዊች ሰዓት ማለት ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ውበቱም ከቀላልነቱ የመጣ ይመስለናል። ከሰዓት፥ ከደቂቃና ከሰኮንድ ቈጣሪዎች ሌላ ጫፉ እንደ ፍላጻ የኾነ አራተኛ ቈጣሪ ተጨመረ። ሰዓት ቈጣሪው በቀን ሁለት ጊዜ ሲዞር ይህኛው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። በመስተዋቱ ዙሪያ ደግሞ እስከ 24 ቍጥር የተጻፈበት፥ በጣት የሚዞር ቀለበት አለ። 24 በሚኾንበት ስፍራ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ተቀርጻለች። ቀለበቱን እንደ ልዩነቱ መጠን ያዞሩት እንደ ኾነ፥ አራተኛው ቈጣሪ የሌላውን አገር ሰዓት ከቀለበቱ ላይ ያሳያል።

ቀለበቱ እኩሌታው ቀይ፥ እኩሌታው ሰማያዊ ነው። ቀዩ ቀን፥ ሰማያዊው ሌሊት መኾኑ ነው። አሁን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንለምነው፥ ሁለቱ ቀለማት የሚገናኙበትን ስፍራ ነው። የሚገናኙት በ6 እና በ18 ላይ ነው። ይኸውም በእኛ አነጋገር ከጧቱ አሥራ ሁለትና ከምሽቱ አሥራ ሁለት መኾኑ ነው። የጄኔቫ ሰዎች ስለ ጎንደር ሰዓት አንዳች ሳያስቡ፥ ቀንና ሌሊትን ኢትዮጵያውያን በሚከፍሉበት ስፍራ ከፍለው በቀለም ጻፉት። ፈረንጅ ቀኑን በእኩለ ሌሊት እየጀመረ በመጽሐፉ ቢጽፍም፥ ዓይኑ ግን ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ መኾኑን አልረሳም ማለት ነው።

ነገር ግን ቀለበቱን አዙሮ የአማርኛውን ሰዓት ለማንበብ የፈለገ ሰው አንድ ነገር ይገጥመዋል። ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ቈጣሪው 1ን ያሳየዋል፤ ቀለሙ ግን ከቀለበቱ ጋር ስለሚዞር ሰማያዊ ኾኖ ያገኘዋል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ቍጥሩ 14 ይላል፤ አሥራ ሁለት ሲቀነስለት ሁለት ይኾናል፤ ቀለሙ ግን ቀይ ነው። ወዳጃችን ስለዚህ ነገር ሲናገር «ቍጥሩ አበሻ፥ ቀለሙ ፈረንጅ» ይል ነበር።

አሁን ስለ መልኩ መለዋወጥ እንናገር። የመጀመሪያው ዓይነት፥ 6542 የተባለው፥ ወርዱ 38 ሚሊሜትር ነበረ። ቀለበቱ ባክላይት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ሲኾን፥ ቍጥሮቹ በጨለማ እንዲያበሩ ራዲየም ከሥሩ ተቀብቶ ነበር። በዓይን ሲያዩት እንደ ከረሜላ የሚያብረቀርቅ፥ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ኾኖም ባክላይቱ በሙቀትና በግጭት ይሰነጠቃል፤ የራዲየሙም ጨረር ለጤና የሚያሠጋ ኾኖ ስለ ተገኘ፥ ቀለበቱ ቀለም በተነከረ አልሙኒየም ተለወጠ። ሰዎች ዛሬ ሺሕ ዶላሮችን አፍስሰው የሚፈልጉት ያንኑ የተጣለውን ባክላይት መኾኑ የሚያስገርም ነው።

በ1959 የተተካው 1675 ወርዱ 40 ሚሊሜትር ኾነ፤ በመሙያው ግራና ቀኝ እንደ ትከሻ የኾኑ ሁለት መከላከያዎች ወጡለት። ይህ ዓይነት እስከ 1980 ድረስ ሲሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ጥቍር ገጹ መጀመሪያ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር፤ ጽሕፈቱም የወርቅ መልክ ነበረው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ግን ገጹ የማያበራ፥ ጽሕፈቱም ነጭ ኾነ። ይህን ያህል ትንሽ ለውጥ በሃያ ዓመት! የዛሬ ፋብሪካ በየዓመቱ አዲስ ነገር ካላወጣ ገበያው የሚጠፋ ሲመስለው፥ እነዚያ ሰዎች ግን ደኅና የኾነውን ነገር እንዳለ መተውን ያውቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በፍጥነት እንለፈው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቀኑን በቶሎ ለመለወጥ የሚያስችል መኪና ገባ። ጂ ኤም ቲ ማስተር ሁለተኛ የተባለው ሲወጣም ሰዓት ቈጣሪው ከአራተኛው ቈጣሪ ተለይቶ ለብቻው የሚንቀሳቀስ ኾነ። በዚህ ምክንያት ቀፎው ወፈር ስላለ ሰብሳቢዎቹ «ወፍራሟ እመቤት» ብለው ስም አወጡለት። በላስቲክ መሰሉ መስተዋት ፈንታም የማይጫጨር የሰንፔር መስተዋት ተገጠመ። በ1989 ቀጠን ያለው 16710 ተተካ፤ እስከ 2007 ድረስም ቆየ።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ2005፥ ሰዓቱ ሃምሳ ዓመት በሞላው ጊዜ ነው። ቀለበቱ ከአልሙኒየም ወደ ሴራሚክ ተዛወረ፤ መጀመሪያ በወርቅ ቀፎ፥ በ2007 ደግሞ በብረት። ቀለሙ ግን ጥቍር ብቻ ነበረ። ሴራሚክ በእሳት የሚበስል እንደ መኾኑ፥ በአንድ ቀለበት ላይ ሁለት ቀለም ሳይቀላቀሉ ማብሰል እጅግ ከባድ ሥራ ነው፤ ይልቁንም ቀዩን። በ2013 ጥቍርና ሰማያዊ፥ በ2014 በነጭ ወርቅ ቀፎ ቀይና ሰማያዊ ወጣ። ቀዩ ቀለበት ገና ሳይበስል እኩሌታው በልዩ ፈሳሽ ይነከርና፥ ከምድጃው ሲወጣ የተነከረው ወገን ሰማያዊ ኾኖ ይገኛል። በ2018 ይኸው መልክ በብረት ቀፎ ሲመጣ የዓለም ገዢ ሁሉ ተሰለፈለት። በ2022 ደግሞ መሙያው በግራ በኩል የኾነ፥ አረንጓዴና ጥቍር ቀለበት ያለው ወጣ። በ1950ዎቹ ከሦስት መቶ ዶላር በታች ይሸጥ የነበረው የአብራሪ መሣሪያ፥ ዛሬ በሱቁ ዋጋ እንኳ በብረት ቀፎው ከአሥር ሺሕ ዶላር በላይ ኾኗል።

ሴራሚክ አይጫጨርም፤ ፀሐይም አያደበዝዘውም። ይህ ትልቅ ጥበብ መኾኑን አንክድም። ነገር ግን ከምርጫችን ብንጠየቅ አልሙኒየሙን እንመርጣለን። በካርቱም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወራት በእጅ ላይ የኖረ ቀለበት፥ በዋሻ ውስጥ በሣጥን ተቈልፎ የኖረ ቀለበት አይመስልም። የወዳጃችን አባት ሃያ ዓመት በዚያ ፀሐይ የሄዱበት መንገድ ከቀዩ መደብዘዝ ላይ ይነበብ ነበር። ዛሬ የተሠራው ሰዓት የዛሬ ሃምሳ ዓመት ለልጅ ቢወረስ፥ ልጁ አባቱ ያሰሩት ይኹን ትናንት ከሱቅ የወጣ ይኹን በምን ይለየዋል?

ወደ ነገራችን እንመለስ። በጃንዋሪ 2000 የሱዳን መንግሥት የአገሪቱን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፋው፤ ካርቱምና አዲስ አበባም በሰዓት አንድ ኾኑ። ወዳጃችን የአባቱን ሰዓት ያሰረው በዚያ ጊዜ አካባቢ ነው። አንድ የሚያውቀው ሰው «ሦስት ማዕዘኗን ከመሙያው ትይዩ አድርግ፤ የአገርህን ሰዓት ታገኛለህ» ብሎ አስተማረው። እውነቱን ነው፤ መሙያው ያለበት ስፍራ በሃያ አራቱ አቈጣጠር ልክ 6 ላይ ነው። ወዳጃችን ቀለበቱን በዚያ ላይ አድርጎ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አልነካውም።

እናቱ እሑድ እሑድ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከጎረቤታቸው ልጅ ቤት ይደውሉለት ነበር። ልጅቱ ከዚያ በኋላ ስልኳን ይዛ ወደ ሌሊት ሥራዋ ስለምትሄድ ሰዓቱ የሚዛነፍ አልነበረም። እርሱም በሚሠራበት ቤት ስልክ ከሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ማታ በአንድ ሰዓት ተኩል ይመለስለታል፤ ቤቱ ደርሶ ቡናውን አስቀርቦ የእናቱን ድምፅ ይጠብቃል።

ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ሱዳን ሰዓቷን ወደ ቀድሞው መለሰች። ወዳጃችን እንደ ሰው ሁሉ የእጁን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ አደረገ። ቀለበቱን ግን አልነካውም፤ ለምን ይነካዋል? በተከታዩ እሑድ ስልኩን ከሣጥኑ ሲያወጣ እናቱ ደውለው እንዳጡት አየ። በሁለተኛው እሑድ እንዲሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ። መልሶ ሲደውል የልጅቱ ስልክ ዝግ ነው። ቀለበቱን ያያል፤ እናቱ በደወሉበት ጊዜ በአገር ቤት ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር ይለዋል።

«እናቴ ሰዓት መለየት ተሳናቸው» ብሎ ነበር ወደ እኛ የመጣው። እርጅና ነው ብሎ ቈርጦ፥ እኅቶቹ ሐኪም ዘንድ እንዲወስዷቸው ሊጽፍ አስቦ ነበር። እናትየው ደግሞ በበኩላቸው ልጃቸው ታሞ ወይም ታስሮ የተሸሸጋቸው መስሏቸው፥ በአንድ መንገደኛ እጅ «እውነቱን ንገሩኝ» የሚል ቃል ልከው ነበር።

ሰዓቱንም በዚያው ሰሞን ለአንድ ሰዓት ሠሪ አሳይቶት ኖሯል። ሰዓት ሠሪው ቀፎውን ወልውሎና አለስልሶ፥ የደበዘዘውን ቀለበት በአዲስ ለውጦ «እንደ ሙሽራ አደርገዋለሁ፤ አሮጌውን ቀለበት ለኔ ተውልኝ» ብሎታል። ይህን ሲነግረን ያልጠረጠርነው ነገር የለም፤ የደበዘዘ አሮጌ ቀለበት ብቻውን ከአዲሱ ብዙ እጥፍ እንደሚሸጥ ሰዓት ሠሪው ሳያውቅ አይቀርም። ለቤተ ሰብ የወረደ አሮጌ ዕቃ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም፥ «አድስልሃለሁ፥ የወለቀውን ለኔ ተው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።

ሰዓቱን ተቀብለን በቡናው ረከቦት አጠገብ አገላብጠን አየነው። ከመሙያው ትንሽ ከፍ ብሎ፥ በቀፎው ላይ በምስማር ጫፍ የተጫረች የምትመስል አንዲት ቀጭን መስመር አለች። ወዳጃችን እርሷንም እንደ ጉድለት ቈጥሯት፥ በማለስለሱ እንድትጠፋለት ፈልጎ ነበር። እኛ ግን የመስመሪቱ ቀጥታነት አስገረመን፤ በግጭት የመጣ ጭረት እንዲህ አይቀናም። በሃያ አራቱ አቈጣጠር ስፍራዋን ብንቈጥረው ልክ 5 ላይ ተገኘች።

አባቱ ወደ ካርቱም በመጡበት ዘመን ሱዳን ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነበረች። ሚስታቸውን ትተው የመጡ ሰው፥ ቀለበቱ በእጅጌ እየተነካ በዞረባቸው ቍጥር ልዩነቱን እንደ ገና ከማስላት፥ ሦስት ማዕዘኗ የምትቆምበትን ስፍራ አንድ ጊዜ በምስማር ምልክት አድርገውበታል። ስልክ በማይደወልበት በዚያ ዘመን፥ በጎንደር ስንት ሰዓት እንደ ኾነ ማወቁ ምን ይጠቅማቸው እንደ ነበረ አባትየው ብቻ ያውቃሉ።

ወዳጃችን ሦስት ማዕዘኗን በመስመሪቱ ላይ አቆማት። ቀለበቱ አሁን ትክክለኛውን የጎንደር ሰዓት አሳየ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር ያለው ሁሉ ሁለት ሰዓት ኖሯል፤ እናቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አልተሳሳቱም። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቀጥሎ ያለውን እሑድ ከአሠሪው ተፈቅዶለት ስልኩን በኪሱ ይዞ ዋለ።

በዚያው ወር በጄኔቫ የኾነውን ነገር ጋዜጦች ሲጽፉ አይተን ነበር። የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበረ የተባለ፥ ፓቴክ ፊሊፕ የሠራው 2497 የተባለ የወርቅ ሰዓት ክሪስቲስ በተባለው የጨረታ ቤት ሊሸጥ ቀርቦ፥ የባለቤትነት ጥያቄ ስለ ተነሣበት ከጨረታው ወጣ። ያ ሰዓት ወሩ 30 ይኹን 31፥ ፌብሩዋሪ 28 ይኹን 29 ራሱ እያሰላ ቀኑን የሚለውጥ ረቂቅ ጥበብ ያለበት ነው፤ ኾኖም አሥራ ሦስተኛውን ወራችንን ጳጉሜን አያውቃትም። ዋጋው ከወዳጃችን ሰዓት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የማን እንደ ኾነ ማስረዳቱ ግን ለወዳጃችን ቀላል ነበረ፤ በቀፎው ላይ ያለችው መስመር ትበቃዋለች።

ቀለበቱን አላስለወጠም፤ ቀፎውንም አላስወለወለም። መስተዋቱን ብቻ በአዲስ አስለወጠ።

በኤፕሪል 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፥ ቤትና ሱቅ ሲዘረፍ፥ ወዳጃችን ሰዓቱን ፈትቶ ከካልሲው ውስጥ አደረገና ከብዙ ስደተኛ ጋር ወደ ገዳሪፍ፥ ከዚያም ወደ ጋላባት ወጣ። ድንበሩን ተሻግሮ መተማ ሲደርስ ከአንድ ዛፍ ጥላ ተቀምጦ ሰዓቱን አወጣ፤ ቈጣሪዎቹን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፋ፤ ሦስት ማዕዘኗንም ከመስመሪቱ አንሥቶ ወደ መሙያው ትይዩ መለሳት።

ከጎንደር በስልክ ሲያናግረን እናቱ በአጠገቡ ነበሩ። ከተማውን ገና መልመዱ እንደ ኾነ፥ ሥራም እየፈለገ መኾኑን ነገረን። ሰዓቱንስ ብለን ጠየቅነው። ፒያሳ ላይ ያለ አንድ ሰዓት ሠሪ አይቶት «ይህችን ጭረት ላጥፋልህ» ብሎት እንደ ነበረ ነግሮን ሳቀ።